ድምፅ ያልተሰጠበት መዋጮ፦ የምዕራብ ጎጃም ትምህርት ቤቶችና የወላጆች ኪስ

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በምርጫ ቀን በሚሰጣቸው ወረቀት ላይ ከተወዳዳሪዎቹ ስም ሌላ አንድ ጥያቄ ያገኛሉ። ጥያቄው ስለ ጣሪያ፣ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ መማሪያ ክፍል ነው። አስተዳደሩ ትምህርት ቤቶችን ለማደስ ይህን ያህል ገንዘብ በቦንድ ይበደር ወይስ አይበደር? መራጩ «አዎ» ወይም «አይሆንም» ብሎ ምልክት አድርጎ ይወጣል። ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በቨርጂንያው ፌርፋክስ ካውንቲ በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. በዚህ መንገድ የ435 ሚሊዮን ዶላር የትምህርት ቤት ቦንድ ጸድቋል። በካሊፎርንያም በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. መራጩ ሕዝብ ለትምህርት ቤቶችና ለኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ሕንፃ የ10 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቅዷል።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ ወረቀት ተነሥተን ፊታችንን ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬና በዙሪያቸው ወዳለው ገጠር እንመልስ። በእኛ አገር ሕዝብ ለትምህርት ቤት ግንባታ ድምፅ ሰጥቶ ያውቃል ወይ? መልሱ አጭር ነው፤ አያውቅም። ለትምህርት ቤት ግንባታ ከፍሎስ ያውቃል ወይ? አዎን፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ነው። በእነዚህ በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ክፍተት የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው።

ቦንድ የሚለው ቃል ለኛ እንግዳ አይደለም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተቀመጠ ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ነጋዴው ከሱቁ፣ ገበሬው ከእህሉ፣ ስደተኛው ከላቡ ቦንድ ገዝቷል፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ታዲያ ሕዝባችን ለትልቅ ሥራ ገንዘቡን አምጣ ሲባል የሚሰስት ሕዝብ ነው ለማለት የሚደፍር ማን ነው? ነገር ግን የግድቡ ቦንድ ሰው የሚገዛው እንጂ ድምፅ የሚሰጥበት አልነበረም። ግንባታው ተወስኗል፤ ከዚያ በኋላ ግዛ ተባለ። የትምህርት ቤት ቦንድ የሚባለው ግን አካሄዱ የተገላቢጦሽ ነው። በቅድሚያ ሕዝቡ ይጠየቃል፤ ከፈቀደ ቦንዱ ገንዘብ ላላቸው ድርጅቶችና ግለሰቦች ይሸጣል፤ በተገኘው ብር ሕንፃው ወዲያው ይሠራል፤ ዕዳው ደግሞ ሃያና ሠላሳ ዓመት በሚያህል ጊዜ ውስጥ በአብዛኛው ከቤትና ከመሬት በሚሰበሰብ ግብር ይከፈላል። «አዎ» ብሎ የመረጠ ሰው የራሱ የቤት ግብር ከፍ እንዲል መፍቀዱ ነው።

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ይህን ላድርግ ቢሉ ይችላሉ ወይ? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ክልሎች ከአገር ውስጥ የሚበደሩበትን ሁኔታ በሕግ የሚወስነው የፌዴራሉ መንግሥት ነው ይላል። ከተማና ወረዳ ደግሞ ከክልልም በታች ናቸው። የወረዳ ባለሥልጣን ቦንድ ሸጦ ትምህርት ቤት ሠራ የሚባል ወሬ በአገራችን ያልተሰማው ለዚህ ነው። በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ስለ ጸደቀ ከተሞች ወደፊት ከቤትና ከቦታ ቋሚ ገቢ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ይህም ቦንድ ለሚባለው ነገር የመጀመሪያው ድንጋይ ነው ሊባል ይችላል። ለገጠሩ ግን ምንም የሚፈይደው የለም፤ አዋጁ የከተማ ነውና።

ጎጃም የከፈለው

ነገሩ ከጥንት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1947 በወጣው አዋጅ ቁጥር 94 በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ገንዘቡ በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል፣ ሥራውንም የአካባቢ የትምህርት ቦርድ እንዲቆጣጠረው ታስቦ ነበር። ገበሬው ከመሬት ግብሩና ከአሥራቱ ጋር ይህንንም መክፈል ጀመረ። ትምህርት ቤቱ ግን ባብዛኛው የተከፈተው በከተማ ነው። ከአውራ ጎዳናው ርቆ በደጋ ዳሞት ወይም በሰከላ ኮረብታ ላይ የሚያርስ ሰው ለሌላው ልጅ ፊደል ከፈለ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በስዊድን መንግሥት ርዳታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሚሠራ ክፍል ተቋቁሞ በየጠቅላይ ግዛቱ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሠርቷል። ይህኛው ደንብ ከቀድሞው የተሻለ ነበር። የአካባቢው ሕዝብ ድርሻውን ያዋጣል፤ በምትኩም ሕንፃው እዚያው ዓይኑ ሥር ይቆማል። ዛሬም በአንዳንድ ቦታ በዚያን ዘመን የተሠሩ ክፍሎች ሲያገለግሉ ይታያሉ።

በዚያው ዘመን ግን ጎጃም አንድ ትልቅ ትምህርት ለመንግሥት ሰጥቶ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ገበሬው አመፀ። ሞጣና ቢቸና የአመፁ እምብርት ሆኑ። ርስቴ ሊለካና ሊነጠቅ ነው የሚለው ሥጋት፣ የመሣሪያ ምዝገባው፣ የአስተዳዳሪዎቹ ብልሹነት ሁሉ ተደራርቦ ነበር። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ በኋላ ግን ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴን አንሥቶ ግብሩን በጎጃም ለማስከፈል ያሰበውን ተወው። አመፁን የታሪክ ሰዎች ብዙ ጽፈውበታል፤ አንዳንዱ የጎጃም ገበሬ ወግ አጥባቂ ስለሆነ ነው ይላል። እኔ ግን ይህ ፍርድ ቀላል ይመስለኛል። ሃያ ዓመት ያህል የትምህርት ግብር ከፍሎ ልጁ ትምህርት ቤት ያላየ ሰው አዲስ ግብር ሲመጣበት ምን ብሎ ይመነው?

በደርግ ዘመን በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሕዝቡን እንደገና ለመዋጮ አስወጣው። ስለዚያ ብዙ አንልም።

ዛሬ ማን ምን ይከፍላል?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያውንና የአጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃውን ትምህርት ከክፍያ ነፃ አደረገ። ልጆች ጎረፉ። በ1987 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ 3 ሚሊዮን ገደማ የነበሩት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በ2007 ዓ.ም. ከ18 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። ይህን ያህል ሕፃን ማስገባት ቀላል ሥራ አይደለም፤ ምስጋናም ይገባዋል። ሆኖም ያን ሁሉ ክፍል ማን ሠራው?

ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ወረዳዎች በጀታቸውን በጥቅሉ ከክልል እየተቀበሉ ራሳቸው ይደለድላሉ። ገንዘቡ ሲመጣ አብዛኛው የሚሄደው ለመምህራንና ለሌላው ሠራተኛ ደመወዝ ነው። መምህሩ ደመወዙን ሊያገኝ የግድ ነው፤ ደመወዙም ከኑሮው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ግን ከደመወዝ የተረፈው ለቆርቆሮና ለሲሚንቶ አይበቃም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ባንክና ሌሎች ለጋሾች በረዱት የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም አማካይነት በተማሪ ቁጥር ልክ ለየትምህርት ቤቱ ድጎማ ሲሰጥ ቆይቷል። መጽሐፍ፣ ጠመኔና ጥቃቅን ጥገና ይሸፍናል፤ አራት ክፍል ያለው አንድ ብሎክ ግን አያቆምም።

ስለዚህ ሕንፃው የሚቆመው በወላጅ ነው። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት እና የቀበሌው ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ተሰብስበው ይወስናሉ፤ በቤተሰብ ይህን ያህል ብር፣ ይህን ያህል ባሕር ዛፍ፣ ይህን ያህል ቀን ጉልበት። ድንጋይና አሸዋ በሕዝብ ይቀርባል። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። በግንቦትና በሰኔ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መምህሩ ይጮኻል፣ ልጆቹ አይሰሙም፤ ዝም ብለው ዝናቡ እስኪያባራ ይቀመጣሉ። ክፍሉ ካልተዳረሰ ዳስ ይጣላል። ስምንተኛ ክፍልን ያለፈ የገጠር ልጅ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ፍለጋ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬ ወይም ወደ ደምበጫ ወጥቶ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራይና ከቤት በሚላክለት ስንቅ፣ በድርቆሽና በቆሎ፣ ዓመቱን ይገፋል። ይህም ኪራይ መዋጮ ነው፤ ማንም ግን አይቈጥረውም።

አገሩ ደግሞ ድሃ የሚባል አይደለም። ጃቢ ጠህናንና ቡሬ ዙሪያ በቆሎ፣ ስንዴ፣ ጤፍና በርበሬ የሚያፍሱ ትርፍ አምራች ወረዳዎች ናቸው። በቡሬ የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ ትልቁ የምግብ ዘይት ፋብሪካም በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ከመንገዱ ዳር የሚታየው ፎቅና የፋብሪካ ጭስ ከአሥርና ከሃያ ኪሎ ሜትር በኋላ ካለው የጭቃ ክፍል ጋር ሲተያይ፣ ሀብት አለ ማለትና ሀብት ለትምህርት ቤት ይደርሳል ማለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ግልጽ ይሆናል።

ውጤቱን ሁላችን ሰምተናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። የፈተናው ውድቀት ሁሉ የሕንፃ ጉድለት ነው ብዬ አልከራከርም፤ ፈተናው ራሱ ከተለወጠ በኋላ ኩረጃ የቀነሰበት ምክንያትም አለ። ነገር ግን የትምህርት ሚኒስቴር የራሱ ኢንስፔክሽን አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ደረጃውን እንደማያሟሉ አሳይቷል። በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» የተሰኘው አገር አቀፍ ንቅናቄ የተነሣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ንቅናቄው የሚለምነው ማንን ነው? እንደገና ሕዝቡን፣ ባለሀብቱንና በውጭ ያለውን ወገን።

ቅሬታው የት ላይ ነው?

ከገጠር የሚመጡ ወገኖችን የጠየቀ ሰው አንድ ዓይነት መልስ ይሰማል። መስጠቱን አንጠላም ይላሉ። የሚያስመርራቸው መዋጮው ከግብር ጋር፣ አንዳንዴም ከማዳበሪያ ጋር ታስሮ መምጣቱ ነው። ማዳበሪያ የሚፈልግ ሰው ለምን እንደሆነ ያልተነገረውን መዋጮ ካልከፈለ አይሰጠውም ከተባለ፣ ያ ሰው ተስማምቶ ሰጠ ሊባል አይችልም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የማዳበሪያ እጥረት ገበሬውን ምን ያህል እንዳስቆጣው፣ ባሕር ዳር ድረስ እንዳስመጣው የምናስታውሰው ነው። ስብሰባውም ቢሆን እጅ ማውጣት አለበት፤ ነገር ግን «አይሆንም» ብሎ እጁን ያወጣ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ስለሚያስብ ሁሉም ይስማማል። ሁሉም የተስማማበት ስብሰባ ድምፅ ተሰጠበት አይባልም።

አሜሪካኖቹ እዚህ ላይ የሠሩት ብልኀት ልብ የሚባል ነው። ካሊፎርንያ በኅዳር 2000 እ.ኤ.አ. ባጸደቀችው «ፕሮፖዚሽን 39» የትምህርት ቤት ቦንድ ለማጽደቅ ያስፈልግ የነበረውን የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ወደ 55 በመቶ ዝቅ አደረገች። በምላሹ ግን አሠሪው ላይ ማሰሪያ አበጀች። የሚሠሩት ሥራዎች ዝርዝር አስቀድሞ መውጣት አለበት፤ ገንዘቡ ለመምህራንና ለአስተዳዳሪዎች ደመወዝ አይውልም፤ በየዓመቱ ሒሳቡና ሥራው ይመረመራል፤ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛም ሆነ ዕቃ አቅራቢ ያልሆኑ የአካባቢው ሰዎች ያሉበት ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ይቋቋማል። ድምፅ ማግኘቱን አቀለሉት፤ ማታለሉን አከበዱት።

ያም ሆኖ የዚያ አገር ሥርዓት ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ቤቱ ውድ የሆነበት ሠፈር በትንሽ ግብር ብዙ ይሰበስባል፤ ድሃው ሠፈር በብዙ ግብር ጥቂት ያገኛል። የቴክሳሱ ኤጅውድ ወላጆች በዚህ ነገር ከስሰው እ.ኤ.አ. በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ፈርዶባቸዋል። ለእኛ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። ፍኖተ ሰላም ከተማና በቋሪት ተራራ ላይ ያለ ቀበሌ እያንዳንዳቸው ራሳችሁን ቻሉ ቢባሉ የከተማው ትምህርት ቤት በብሎኬት ይሠራል፤ የተራራው በጭቃ ይቀራል። ስለዚህ ክልሉ ያዋጣው ሁሉ ላይ ተመጣጣኝ የሚጨምርበት፣ ለድሃው ቀበሌ ደግሞ አብልጦ የሚጨምርበት ደንብ ከሌለ መዋጮ ብቻውን ልዩነቱን ያሰፋዋል።

መጽሐፍ ቅዱሳችንን የምናነብ ሰዎች ስለ ሕንፃ ጥገና ገንዘብ አንድ ታሪክ እናውቃለን (2ነገ 12)። በንጉሥ ኢዮአስ ዘመን ለቤተ መቅደሱ ጥገና የሚሰበሰበው ብር በካህናቱ እጅ ይገባ ነበር፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖ እንኳ የፈረሰው አልተጠገነም። መፍትሔው ስብከት አልነበረም። ክዳኑ የተበሳ ሣጥን ተሠራ፤ በግልጽ ቦታ ተቀመጠ፤ ሲሞላ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው ቈጠሩት፤ ገንዘቡም ለአናጢውና ለድንጋይ ጠራቢው ተከፈለ። ሁለት የተለያዩ ሰዎች በአንድነት የሚቈጥሩት ገንዘብ፤ ነገሩ ይኸው ነው። የገጠር ትምህርት ቤት ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ አያስፈልገውም፤ ካርኒ፣ ሁለት ፈራሚ ያለው የባንክ ሒሳብና በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የገቢና የወጪ ወረቀት ይበቃዋል።

ጦርነቱና ባዶው ክፍል

እስካሁን ያልነው ሁሉ ግን ትምህርት ቤቱ ክፍት ነው በሚል ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ይህም አስተማማኝ አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ እስከ ግንቦት 2016 ዓ.ም. መጨረሻም ቆየ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ስሟ «የሰላም መንገድ» የሆነው ፍኖተ ሰላም ከአየር ተደበደበች፤ ከ20 በላይ ሰዎች እንደ ሞቱ የከተማው የሕክምና ሰዎች ለዜና ድርጅቶች ተናግረዋል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በዚያው ሳምንት ባወጣው መግለጫ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ጠቅሷል። አዋጁ አበቃ፤ ውጊያው ግን በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ቀጠለ። በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ውጭ እንደነበሩ፣ ከ3 ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶችም እንደ ተዘጉ ተዘግቧል። መምህራን ተገድለዋል፤ አንዳንድ ግቢዎች የታጣቂ ማረፊያ ሆነዋል።

ሰው የማይገባበት የጭቃ ሕንፃ ሁለት ክረምት አይችልም። ቆርቆሮው ይነቀላል፣ ማገሩ ይበሰብሳል፣ ወንበሩ ማገዶ ይሆናል። አባቶች ከሃያ ዓመት በፊት በጉልበታቸው የሠሩት ክፍል እንደገና ከዜሮ ሊጀመር ነው ማለት ነው፤ የሚያዋጡትም እነዚያው ሰዎች ወይም ልጆቻቸው ናቸው፤ ይህን ጊዜ ደግሞ የሲሚንቶውና የቆርቆሮው ዋጋ ከቀድሞው ጋር አይገናኝም። ገበሬው በአንድ በኩል መንግሥት፣ በሌላ በኩል ታጣቂ አምጣ ሲለው ቆይቶ፣ ሦስተኛ ሰው መጥቶ ለትምህርት ቤት አዋጣ ቢለው በየትኛው ልቡ ይሰማዋል? በእኔ እይታ ሰላም ሲወርድ መጀመሪያ መምጣት ያለበት የመንግሥት ድርሻ እንጂ የወላጅ መዋጮ አይደለም። ግድግዳው ከክልልና ከፌዴራል ካዝና ይቁም፤ ወላጁ አጥሩን፣ ወንበሩን፣ የመምህሩን ቤት ያግዝ። ይህም ቢሆን በስብሰባ ሳይሆን ስም በማይጻፍበት ወረቀት፣ «አይሆንም» ያለው ሰው በማይታወቅበት መንገድ ተጠይቆ ቢሆን ምን ይጎዳል? በባቄላና በሽምብራ እንኳ ሊደረግ ይችላል፤ ፊደል የማይቆጥር አባትም ባቄላውን ከሽምብራው ይለያል።

ለእኛ ለወንጌላውያን አማኞች ነገሩ ከሩቅ የሚታይ ሊመስል ይችላል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በአማራ ክልል ፕሮቴስታንት የሆነው ሕዝብ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም ነበር፤ በምዕራብ ጎጃም ያሉት ወገኖቻችን በጣት የሚቆጠሩ አጥቢያዎች ናቸው። ነገር ግን የእነርሱም ልጆች የሚማሩት በዚያው በሕዝብ ትምህርት ቤት፣ በዚያው ወንበር ላይ፣ ከጎረቤቶቻቸው ልጆች ጋር ነው። አባቶቻቸውም መዋጮውን እኩል ከፍለዋል። በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ለዚያ አካባቢ ለመርዳት ሲያስቡ የራሳቸውን ትምህርት ቤት መክፈት ይቀናቸዋል። እኔ ግን የተዘጋውን የቀበሌ ትምህርት ቤት ክፍል መልሶ ማቆም ይቀድማል እላለሁ፤ ስማችንን ሳንጽፍበት፣ ከወላጆች ኅብረት ጋር በአንድ ሒሳብ፣ በጋራ ፊርማ። ብዙዎቹ ጉባኤዎቻችን የአዳራሽ ግንባታ ኮሚቴ አላቸው፤ የገንዘብ ያዥና የሒሳብ ተቆጣጣሪ መለያየት እንዳለበት፣ ደረሰኝ ሳይቆረጥ ብር እንደማይቀበሉ ያውቃሉ። ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ልምድ ለብዙ ቀበሌ ይጠቅማል።

አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ አለ። ውጊያው ከመጀመሩ በፊት ወላጆች ለአዲስ ብሎክ ያዋጡትና በየባንኩ ወይም በየሰው እጅ የቀረው ገንዘብ በየቀበሌው የት ነው? ያወጡት ሰዎች አንዳንዶቹ ሞተዋል፣ አንዳንዶቹ ተሰደዋል። ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ አዲሱ ኮሚቴ የመጀመሪያውን ስብሰባ ሲጠራ፣ ከአዲሱ መዋጮ በፊት ስለ አሮጌው ሒሳብ መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱንም ከአሁኑ መዝገብ እያገላበጡ ቢያዘጋጁት ይሻላል።